«ተበላሽቷል» የሚል ሰው

ሸርቆሌ ውስጥ ወርቅ የሚቆፈርበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ ነው። አንድ ሰው ትከሻውን አጥብቦ ይወርድበታል። ታች ያለው ይቆፍራል፤ ላይ ያለው አፈሩን በገመድ ይስባል። ገመድ የያዘው ሰው ግን ሥራው መሳብ ብቻ አይደለም። ማዳመጥም አለበት። አፈር ከመናዱ በፊት ጥቂት ጠጠር ያንሸራትታል፣ ግድግዳው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፣ አቧራ ቡን ይላል። ያን ያየ መጮኽ ነው ያለበት። ታች ያለውም «ለምን?» ብሎ አይከራከርም፤ መቆፈሪያውን ጥሎ ይወጣል። ጉድጓዱ ሳይናድ ቢቀር የሚጠፋው የግማሽ ቀን አፈር ነው። ጩኸቱ ቢቀር የሚጠፋው ግን ሰው ነው።

ሸርቆሌ በአሶሳ ዞን፣ ሱዳንን ተንተርሳ የምትገኝ ወረዳ ናት። ብዙ ሰው ስሟን የሚያውቀው እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከሱዳን፣ ከደቡብ ሱዳንና ከታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የመጡ ስደተኞችን በሚያኖረው መጠለያ ጣቢያ ነው። ዓባይ ከጉባ ይለያታል። እዚያው ዓባይ ላይ ነው የህዳሴው ግድብ የቆመው፤ 145 ሜትር ከፍታ፣ 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በቀጣዮቹ ዓመታት ከሚጀመሩት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ መሆኑን ተናገሩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና የሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ማመንጫውን ስለመገንባት የሚያወሳ የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ።

እኔ የኒውክሌር ኃይል ተቃዋሚ አይደለሁም። መብራት የናፈቀው ገጠር ያለበት አገር ሰው ነኝ። የሚያሳስበኝ ማመንጫው የሚቆምበት ቦታ፣ ዋጋው ወይም የሚሠራው አገር ማንነት ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በሌሊት ፈረቃ ላይ ያለ አንድ የጥገና ሠራተኛ አንድ መሣሪያ እንደማይሠራ ሲያውቅ ለማን ይናገራል፣ ከተናገረስ በኋላ ምን ይደርስበታል የሚለው ነው። የኒውክሌር ማመንጫ ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚለይ ላስረዳ። ወጥ የሚሠራ ሰው የሸክላ ድስት ከእሳት ከወረደ በኋላም እንደሚንተከተክ ያውቃል። እሳቱ ጠፍቷል፣ ሸክላው ግን ሙቀቱን ይዟል። የኒውክሌር ማብላያም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ የተረፈ ብቻ ሳይሆን ከውስጥ መፈጠሩን የሚቀጥል መሆኑ ነው። ማብላያው «ጥፋ» ተብሎ ሲጠፋ የዩራኒየሙ መሰንጠቅ ይቆማል፣ ከስንጥቁ የተገኙት ንጥረ ነገሮች ግን ጨረራ እየለቀቁ መሞቃቸውን ይቀጥላሉ። በጠፋበት ቅጽበት የሚቀረው ሙቀት ከሙሉው ከ6 እስከ 7 ከመቶ ነው። 1,200 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማብላያ ወደ 3,200 ሜጋ ዋት ሙቀት ያፈልቃል፤ ስለዚህ ጠፍቶም ሳለ 200 ሜጋ ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። ይህ ከህዳሴው ግድብ የአንዱ ተርባይን ጉልበት ግማሽ ማለት ነው። እየቀነሰ ይሄዳል፤ ግን ለሰዓታት፣ ለቀናት፣ ለወራት ውኃ ካልተዘዋወረበት ነዳጁ ይቀልጣል።

ውኃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ነው። የውጭው መስመር ከተቋረጠ የናፍጣ ጄኔሬተሮች በሰከንዶች ውስጥ መነሣት አለባቸው። እነዚህ ጄኔሬተሮች ዓመቱን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ናቸው። ዋናው ተርባይን ቢበላሽ አገር ያውቃል፤ መብራት ይጠፋል። ቆሞ የሚጠብቅ ጄኔሬተር ቢበላሽ ግን ምንም አይሰማም። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ነው፣ መብራቱም እንደበራ ነው። መበላሸቱን የሚያውቀው የፈተሸው ሰው ብቻ ነው። እሱ ዝም ካለ መሣሪያው እንዳለ ይቆጠራል፤ በወረቀት ላይ አለ፣ በቆጠራ ላይ አለ፣ በጎብኚ ፊት ቆሟል። በሚፈለግበት ቀን ግን የለም።

ይህ በደቡብ ኮሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2012 ማታ፣ ቡሳን ከተማ አጠገብ ያለው የኮሪ ማመንጫ የመጀመሪያው ማብላያ ለነዳጅ ቅየራ ቆሞ ነበር። በፍተሻ ላይ በተፈጠረ ስህተት የውጭው መስመር ተቋረጠ። አንዱ ጄኔሬተር ጥገና ላይ ነበር፤ ሌላው አልነሣ አለ። ለ12 ደቂቃ ማመንጫው ያለ ኤሌክትሪክ ቆየ። የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት ከ37 ወደ 58 ዲግሪ ወጣ። መስመሩ ተመለሰ፣ ሰው አልተጎዳም፣ ጨረራም አልወጣም። እስከዚህ ድረስ አደጋ የሚባል አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ኃላፊው ከሠራተኞቹ ጋር ተነጋግረው ነገሩን ላለማሳወቅ ተስማሙ። በፈረቃ መዝገቡ ላይ አልሰፈረም። አልነሣ ያለው ጄኔሬተር በቅጡ ሳይጠገንም ሥራው ቀጠለ።

የወጣው እንዴት ነው? አንድ የቡሳን ከተማ ምክር ቤት አባል ምግብ ቤት ተቀምጠው ሳለ አጠገባቸው ያሉ ሰዎች ስለ መብራቱ መጥፋት ሲያወሩ ሰሙ። ጠየቁ፤ ኩባንያውን አፋጠጡ። ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የተነገረው መጋቢት 12 ነው፤ ለ12 ደቂቃ የሆነው ነገር 32 ቀን ተደብቆ ቆየ። የጃፓኑ የፉኩሺማ ማመንጫ አደጋ ከደረሰ ገና አንድ ዓመት አልሞላም ነበር፤ ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው ይህ የሆነው። የጎረቤት አገር እሳት ገና ሳይበርድ እንኳ ሰው ከእውነቱ ይልቅ አለቃውን ፈራ።

የምግብ ቤቱ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። እኛም አገር ብዙ እውነት የሚነገረው በስብሰባ አይደለም፤ ቡና ላይ ነው። በስብሰባው «ሥራው በዕቅዱ መሠረት በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይባላል፤ ከስብሰባው በኋላ ግን ሁለተኛው ስኒ ላይ «ኧረ ያ ነገር እኮ ከተበላሸ ቆየ» ይመጣል። ጓደኛ ለጓደኛ ይናገራል፣ ለኃላፊ ግን አይናገርም። «ጎመን በጤና» ይላል። ቤተሰብ አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ ግምገማ ይጠብቀዋል። ይህን የምለው የአገሬን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ከኮሪያው ሠራተኛ የባሰ ፈሪ አይደለም፤ ፍርሃቱ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ታሪክ የአሜሪካ ነው፤ ከኮሪው ይልቅ ቀስ ብሎ የሄደ ስለሆነ የበለጠ ያስፈራል። ኦሃዮ ግዛት፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር፣ ዴቪስ ቤሴ የሚባል ማመንጫ አለ። ማብላያውን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ቦሪክ አሲድ አለው። ከማብላያው ክዳን ላይ ከሚያልፉት ቱቦዎች አንዱ ተሰንጥቆ ውኃው ቀስ በቀስ ይንጠባጠብ ጀመር። ውኃው ሲተን አሲዱ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ብረቱን ሲበላ ደግሞ ይቀላል።

ማመንጫው ውስጥ ያለውን አየር የሚለኩ መሣሪያዎች ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ቀድሞ በወር አንድ ጊዜ ይቀየር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ላይ በየሁለት ቀኑ መቀየር አስፈለገ፤ በላዩ የሚከማቸው ደቃቅ ነገር ዝገት የመሰለ ቀይ ነበር። እስቲ ያንን ማጣሪያ በየሁለት ቀኑ የሚቀይረውን ሠራተኛ አስቡት። አሮጌውን ያወጣል፣ ቀይ ነው፤ አዲሱን ያስገባል። ከነገ ወዲያ እንደገና ቀይ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ደብዳቤ ከየት ይመጣል? ማመንጫው ራሱ «እየዛግሁ ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚያዝያ ለነዳጅ ቅየራ ሲከፈት ደግሞ ከክዳኑ ዙሪያ ቀይ ጎርፍ የመሰለ የደረቀ አሲድ ፈስሶ ታየ፤ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ፋይል ውስጥ ገባ። ክዳኑ በደንብ ሳይጸዳ ማብላያው ተመልሶ ተለኮሰ።

በ2001 የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይህን ዓይነት ስንጥቅ ሊኖርባቸው የሚችሉ ማመንጫዎች እንዲፈተሹ ጠየቀ። ኩባንያው ክዳኑ በየጊዜው እንደተፈተሸ ጽፎ መልስ ሰጠና እስከ የካቲት 2002 አጋማሽ ድረስ እንዲሠራ ተፈቀደለት። መጋቢት ላይ፣ አንድ ቱቦ እየተጠገነ ሳለ የጥገናው መሣሪያ ዘንበል አለ። ቱቦውን ሊይዘው የሚገባው ብረት አልነበረም። ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ብረት በአሲድ ተበልቶ ጉድጓድ ሆኗል። ከከባቢ አየር ግፊት ወደ 150 ጊዜ በሚጠጋ ኃይል የሚገፋውን ውኃ የያዘው ከውስጥ የተለበጠው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የማይዝግ ብረት ብቻ ነበር፤ እሱም ተወጥሮ አብጧል። ማመንጫው ሁለት ዓመት ተዘጋ። በኋላ ኩባንያው ለተቆጣጣሪው የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ 28 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ሠራተኞችም ተከሰሱ።

ይኸው ዴቪስ ቤሴ እ.ኤ.አ. በ1977 መስከረም ላይ ሌላ ነገር አሳይቶ ነበር። አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ አልዘጋ አለ። ሠራተኞቹ ከ20 ደቂቃ በኋላ ነቅተው ዘጉት። የማብላያው ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች ነገሩን አጥንተው፣ ሌሎች ማመንጫዎችም እንዲነገራቸው ለአለቆቻቸው ማስታወሻ ጻፉ። ማስታወሻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ፤ ለደንበኞች አልደረሰም። በ18 ወሩ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 ንጋት ላይ፣ እዚያው አሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ በሚገኘው ተመሳሳይ ማመንጫ ተመሳሳይ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለችው ትንሽ መብራት ቫልቩ «ዝጋ» መባሉን ታሳያለች እንጂ መዘጋቱን አታሳይም። መብራቷ ጠፍታ ያዩት ሠራተኞች ተዘግቷል ብለው አመኑ። የማብላያው ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ማስታወሻው ከጠረጴዛ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

ስለ ጃፓን ጥቂት ብቻ ልበል። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ የቀድሞ መርማሪ በፉኩሺማ ዳይቺ የታየ ስንጥቅ ከመዝገብ እንዲጠፋ መደረጉን ለጃፓን መንግሥት ጻፈ። ደብዳቤው የደረሰው መሥሪያ ቤት የጠቋሚውን ስም ለማመንጫው ባለቤት ኩባንያ፣ ለቴፕኮ፣ አሳልፎ ሰጠ። መሥሪያ ቤቱ የኒውክሌር ኃይልን የሚያስፋፋውም የሚቆጣጠረውም ነበር፤ ሁለት ዓይነት ሥራ በአንድ ወንበር። ጉዳዩ ለሕዝብ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የተሰረዘና የተቀየረ የፍተሻ መዝገብ 29 ሆኖ ተገኘ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ለቀቁ። ከዚያም ትምህርት አልተወሰደም፦ እ.ኤ.አ. በ2008 ቴፕኮ ራሱ ከ15 ሜትር የሚበልጥ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል አስልቶ ነበር። ስሌቱን ለተቆጣጣሪው ያቀረበው እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2011 ነው። ማዕበሉ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። ያሰጠማቸውም ከመሬት በታች የቆሙትን የናፍጣ ጄኔሬተሮች ነው።

አሁን ወደ ዓባይ ዳር ልመለስ። «ይህ የውጭ አገር ወሬ ነው» የሚል ካለ፣ በዚሁ ወንዝ ላይ የሆነውን ያስታውስ። የህዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የተርባይንና የብረታ ብረት ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጠ። ለዓመታት በዜና የምንሰማው መቶኛ ነበር፦ ይህን ያህል ከመቶ ደርሷል፣ ይህን ያህል ከመቶ ጨምሯል። ሕዝቡ ከደመወዙ ቦንድ ገዝቷል፤ መቶኛውን በጉጉት ይከታተል ነበር። ኮንክሪቱ በእርግጥ ከፍ ይል ነበር። ተርባይኖቹ ግን አንዳቸውም አልተተከሉም። ያንን በግልጽ የሰማነው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲናገሩና ሥራው ከሜቴክ ሲወሰድ ነው። ከዚያ በፊት ግን በየወርክሾፑ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ግድቡ ዳር ይሠሩ የነበሩትም ሳያውቁ አይቀሩም። ቢናገሩ «ፀረ ልማት» ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል የሰጠው የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ግድቡ በመጨረሻ ቆመ፤ የከፈልነው ዓመታትና ገንዘብ ነው። ማብላያ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ በዓመታት ብቻ አይወራረድም ነበር።

ከዚያ የመረረውንም እናውቃለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃው ቱሉ ፋራ ላይ ወደቀ፤ 157 ሰው አለቀ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ ይህ ዓይነት አውሮፕላን አፍንጫውን ከነፋሱ አንጻር የያዘበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ጠቋሚዎች አሉት። ሁለቱ የተለያየ ነገር ቢናገሩ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ማብራት ነበረበት። ቦይንግ ይህ ማስጠንቀቂያ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች እንደማይሠራ ያወቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተጨማሪ መሣሪያ ላልገዛ አየር መንገድ አይሠራም ነበር። ለአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የነገረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የኢንዶኔዥያው የላየን ኤር 737 ማክስ 189 ሰው ይዞ ከወደቀ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያው ብቻውን አደጋውን ባስቀረው ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ዋናው ጥፋት ሌላ ሶፍትዌር ነበር። ግን የደኅንነት መሣሪያ አይሠራም ብሎ ማወቅና ዝም ማለት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ? የዝምታው ዋጋ ግማሹ በእኛ መሬት ላይ ተቀብሯል።

ሌሎች አገሮች ይህን ዝምታ ለመስበር ሕግ አውጥተዋል። በአሜሪካ ሕግ የማመንጫ ኃላፊ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲያውቅ ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነው፤ ካላደረገ ይቀጣል። እንደ ጉዳዩ ክብደት በ1፣ በ4 ወይም በ8 ሰዓት ውስጥ ስልክ መደወል አለበት። የተናገረን ሠራተኛ ማባረር ወይም ማስቸገር ክልክል ነው። በአቪዬሽን ደግሞ ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪና ቴክኒሻን ያየውን ጉድለት ስሙ ሳይወጣ የሚናገርበት መንገድ ከፍቷል። ሕግ ኖሮም ዴቪስ ቤሴ ደርሷል፤ ሕጉ ብቻውን አያድንም። ግን ሕጉ ባይኖር ማንም አይጠየቅም ነበር።

እኛ ጋ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ነገር ግን ከስሙ እንደሚታየው ስለ ወንጀል ነው። አልነሣ ያለ ጄኔሬተር ወንጀል አይደለም። የቀላ ማጣሪያ ወንጀል አይደለም። የጨረራና ኒውክሌር ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1025/2009ም አለ። ተቆጣጣሪዎቻችን የለመዱት የሆስፒታል ራጅና የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ነው፤ ሥራቸውን አላናንቅም፤ ማብላያ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኒውክሌር ለሚጀምር አገር ሊሟሉ ይገባል የሚላቸው የመሠረት ጉዳዮች 19 ናቸው፤ ሕግና ነፃ ተቆጣጣሪ ከእነዚያ ውስጥ ናቸው።

ከሮሳቶም ጋር ለመሥራት ስንነሣም ቤላሩስ ላይ የሆነውን መርሳት የለብንም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2016 በኦስትሮቬትስ ግንባታ ቦታ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝነው የማብላያው ጋን ሲነሣ ተንሸራተተ። መንግሥትም ተቋራጩም ወዲያው አልተናገሩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያወጣው አንድ የአካባቢው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ ነው። ሮሳቶም ጋኑ አልተጎዳም አለ፤ ግን በመጨረሻ ለወጠው። መለወጡ መልካም ነው። ለመናገር ግን የውጭ ሰው ማስፈለግ አልነበረበትም።

እንግዲህ ረቂቅ የሚያዘጋጁትንና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን የምለምነው ይህን ነው። ማመንጫው የት እንደሚቆም ከመወሰኑ በፊት፣ ተቆጣጣሪው ከሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት ይለይ፤ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ይሁን። ጉድለት ያወቀ ኃላፊ በሰዓታት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ ይጻፍ። ጉድለት ያሳወቀ ሠራተኛ ከሥራው፣ ከደረጃው፣ ከደመወዙ እንዳይነካ ይጻፍ፤ ግምገማ ላይም እንዳይነሣበት። ሪፖርቱ ሚስጥር ሳይሆን ለሕዝብ ይታተም፤ ማመንጫው አጠገብ የሚኖረው ገበሬም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በበርታኛ፣ በጉሙዝኛ ያንብበው ወይም ይነበብለት። ደግሞም የመጀመሪያው «ተበላሽቷል» ያለ ሠራተኛ ሲገኝ ሚኒስትሩ ራሱ በአደባባይ ያመስግነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ይህን የምታነቡ ወጣት መሐንዲሶችም አላችሁ። ምናልባት ነገ ሩሲያ ወይም ሌላ አገር ሄዳችሁ ለዚህ ሥራ ትሰለጥናላችሁ። ስትመለሱ ፈረቃ ትይዛላችሁ። አንድ ሌሊት ማጣሪያው ቀልቶ ታገኙታላችሁ። ያን ሌሊት ዝም አትበሉ፤ መዝገቡ ላይ ጻፉት፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ስማችሁን ጻፉ፣ ደውሉ። እኛም እናንተ ስትደውሉ ስልኩን የሚያነሣ መሥሪያ ቤት ከአሁኑ መጠየቅ አለብን።